ስሟ ሳብ

ኮትካ በምትባል በፊንላንድ ወደብ፣
በበረዶ ወራት መንገዱ በጨው ነው የሚቀለብ።
ጨው በረዶ ሲያቀልጥ ብረትም ይበላል፤
ቬይኮ ይህን ያውቃል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ላይ ተቀምጦ
ስንት ሰንሰለት አይቷል፣ ዝገት ሲተፋው አላምጦ።

መኪናዋ ስሟ ሳብ፤
በእኛ አፍ ቢጠሩት፣ የጎታች ትእዛዝ፦ ሳብ!
ሃያ ሰባት ዓመት ስሟን ጠብቃለች፤
ጀልባውን፣ ማገዶውን፣ የአማት ፒያኖ ጎትታለች።
በመሳብ ማን ሊያማት?
መያዙ ነው እንጂ እያደር ያቃታት።

የኋላው ታምቡር ውስጥ ሸራው ተጣብቆ፣
ዘይቱ አፈትልኮ፣ ቱቦው ተሰንጥቆ፣
«ትደርሳለች» አለ ቬይኮ፣ «ምን አላት ለፀደይ»፤
ጥር ነበር። አስፋልቱ መስታወት፣ ጨረቃ ከላይ።
ልጁ ዮውኒ ቁልፉን አነሣ ከምስማር፣
ኮውቮላ ድረስ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር።
ሳብ ተሽከርክራ ከጥዶቹ መሃል ገባች።
ሰው አልሞተም።
የዮውኒ ቀኝ ጉልበት ሁለት ብሎን ዋጠች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ገና። አንዱ አንዱን አልከሰሰ።
ገበታ ላይ «ጨው አቀብለኝ» ይባላል፤
ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፍ አልደረሰ።

ዘንድሮ በሚያዝያ ቬይኮ ክሪክ አስገብቶ
ኋላዋን አነሣ። ጎማዎቹን ፈትቶ
ታምቡሩን በመዶሻ መታው፤ እምቢ።
በእሳት አሞቀው፤ እምቢ።
ዘይት አጠጣው፣ ሰደበው፣ አባበለው፣ ትቶት አደረ፤
ጧት ሄዶ ቢነካው እጁ ላይ ወደቀ፣ ሌሊቱን እንደመከረ።

ታምቡር ይብቃኝ ብሎ ዲስክ ነው ያመጣ፣
ከሌላ ሳብ ሬሳ፣ ከአሮጌ መኪና ሜዳ የወጣ።
ካሊፐሩ ግን ያው፣ ዝገት የለበሰ፤
በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤
ከዚያም አንድ ጣሳ ቀለም፣ ስምንት መቶ ዲግሪ የሚችል፣
ቀይ።
ጎረቤቱ ፔንቲ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ
«ጎማ ለሚሸፍነው? ማን ሊያየው?» አለ፣ ሳቁን ሸሽጎ።
ቬይኮ መልስ የለውም። ብሩሹን ነከረ፤
አንዴ ቀብቶ ጠበቀ፣ ደገመ፣ ሦስተኛም ጨመረ፤
አንዲት የብሩሽ ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ተቀብራ ቀረች፣ እሱም አልነቀላት፣
ቀረ።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ ቱቦው ውስጥ አየር አለ።
አየር ያለበት ፍሬን እንደ ሽንገላ ነው፤ ሲረግጡት የለ።
ይህ ሥራ ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣
አንዱ ከሥር ተጋድሞ ይፈታል፣ ያጠብቃል።
ሚስቱ አውኔ የለችም፣ ገበያ ወጥታለች
(ወይም ነገሩ ገብቷት፣ የወጣች መስላለች)።
«ና እስቲ» አለ ቬይኮ፣ ወደ መስኮቱ ሳያይ።

ዮውኒ እያነከሰ መጣ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤
ያቺን ጉልበት አጠፈ፣ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

«ተጫን።»
          ተጫነ።
«ያዝ።»
          ያዘ።
ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ፈላ፣ ከዚያም ፈዘዘ።
«ልቀቅ።»
          ለቀቀ።
ደግሞ ተጫን፣ ደግሞ ያዝ፣ ደግሞ ልቀቅ፤
አርባ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ ዘይቱ እስኪጠራ፣ አረፋው እስኪያልቅ።

«ያመሃል?» አለ ቬይኮ ከብረቱ ሥር፣ ፊቱ ሳይታይ።
ጠብ… ጠብ…
«ሲበርድ ብቻ» አለ ልጁ። «አሁንማ ፀደይ።»

ቁልፉ ከቬይኮ እጅ ወደቀ፤ ወይም ጣለው።
ሲሚንቶው ላይ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ አገኘው።
«የግራው ጎማ ይቀራል» አለው።

ማታ ጎማው ሲገባ ቀዩ ተሸፈነ፤
በቸርኬው ስንጥቅ ብቻ፣ ለሚያውቅ ሰው ሆነ።
ከመጋዘኖቹ ኋላ፣ ባዶው ሜዳ ላይ፣
ዮውኒ መሪ ይዞ፣ አባቱ ከጎኑ፣ ፊት ለፊት ሲያይ፣
ስድሳ ሲሞላ ረገጠ።

ሳብ ያዘች።

የኋላ ወንበር ላይ የተረሳው የቀለም ጣሳ ብቻ ነው ያልቆመ፤
ተንከባሎ መጣና፣ በሁለቱ መሃል፣ እጅ ፍሬኑን ተደግፎ ቆመ።